በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አንሁንባቸው

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



አበው "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ሲሉ በችግር ላይ ሌላ ችግር መደረቡን ማመልከታቸው ነው። ዛሬ ግን አባባሉን የማነሳው ለምሳሌነቱ ብቻ ሳይሆን ለቃሉ ለራሱም ጭምር ነው። አንገታቸው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ እጢ ምክንያት አካላቸው ብቻ ሳይሆን ሐዘናቸውና ደስታቸው፣ እንቅልፋቸውና ቁጣቸው የተቃወሰባቸው እህቶችና ወንድሞች በመካከላችን አሉ። እኛ ቤተሰብ፣ ጎረቤትና ጀመዓ የተባልነው ደግሞ በበሽታቸው ላይ ሌላ በሽታ እየደረብንባቸው ነው። አንዱ "ኢማኗ ደክሞ ነው" ይላል። ሌላው "ጂን ይዟት ነው" ይላል። ሦስተኛው "ኪኒኗን እየዋጠች ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች?" ይላል። ሦስቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስህተታቸውን የዲን ልብስ ያለብሱታል፤ ሦስተኛው የዕውቀት ልብስ ያለብሰዋል። ይህ ጽሑፍ ለሦስቱም የሚሰጥ መልስ ነው።

እጢዋና ሥራዋ

ታይሮይድ የምትባለው እጢ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የምትገኝ፣ ቢራቢሮ የምትመስል እጢ ናት። ከምግብና ከጨው የምናገኘውን አዮዲን ተጠቅማ ሆርሞን ትሠራለች። ሆርሞኑ በደም አማካይነት በመላው ሰውነት እየተዘዋወረ የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን ሥራና የአእምሮን ቅልጥፍና ይመጥናል። እጢዋ ስታብጥ እንቅርት እንላታለን። ነገር ግን እንቅርት የወጣበት ሁሉ ሆርሞኑ የተዛባ አይደለም፤ ሆርሞኑ የተዛባበትም ሁሉ አንገቱ አያብጥም። ብዙ ቤተሰብ "አንገቷ ደህና ነው፤ ምንም የላትም" ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሆርሞኑ ሲያንስ ሰው ይደክማል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሆዱም ቆዳውም ይደርቃል፤ ድምፁ ይጎረንናል፤ ብዙ ሳይበላ ክብደት ይጨምራል፤ የሴቷም የወር አበባ ሊበዛ ይችላል። በዚህ አያበቃም። ነገር ይረሳል፤ ሐሳቡ ይንቀረፈፋል፤ ትናንት ያስደስተው የነበረው ነገር ዛሬ አያስደስተውም፤ ከሰው መሸሽ ይጀምራል። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ልብ ይደልቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቃል፤ እየበሉ መክሳት ይመጣል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። አንዳንዱ ዓይኑ ይፈጥጣል። ሰውየው በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፤ ያለ ምክንያት ይፈራል፤ ያለ ምክንያት ያለቅሳል።

በዚህ ሕመም ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በብዙ እጥፍ ይጠቃሉ። ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት ከመቶ እናቶች አምስት በሚያህሉት ላይ እጢዋ ትቆጣለች። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ሆርሞኑ ይበዛል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ያንሳል። እንግዲህ አስቡት። ሕፃን ታቅፋ ሌሊቱን ስትነጫነጭ ያደረች እናት ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ፈዛና ዝም ብላ ብትታይ፣ ጎረቤቱ "ዓይን በልቷት ነው" ይላል፤ ባል "ሰነፈች" ይላል። እጢዋን ግን ያሰበ የለም።

ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ሪቻርድ አሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ አእምሯቸው ተቃውሶ የነበሩ 14 ሕሙማንን ታሪክ አቅርቧል። የሁሉም የሕመም ምንጭ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት ነበር። ሆርሞኑ ሲተካላቸው አብዛኞቹ ወደ ልቦናቸው ተመልሰዋል። እነዚህን ሰዎች ያኔ አንድ ሰው "አብደዋል" ብሎ ትቷቸው ቢሆን ኖሮ መጨረሻቸው ምን ይሆን ነበር?

"ኢማኗ ደክሞ ነው" ለሚለው

ወንድሜ ሆይ፤ ፈጅርን በሰዓቷ ትሰግድ የነበረች እህት አሁን መነሳት አቃታት። የሐፈዘችው ሱራ ይጠፋባታል። ደርስ ላይ አትገኝም። አንተም "ኢማኗ ቀንሷል" ብለህ ፈረድክ። ለመሆኑ በልብ ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ማን ነው? የአላህን ዕውቀት ለራስህ ለምን ትወስዳለህ?

ሐዘን የኢማን ጉድለት ምልክት ቢሆን ኖሮ ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ባላለቀሱ ነበር። ቁርአን ይህን ሲነግረን በነቀፋ አይደለም። መልእክተኛችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ ዱዓውንም ለእኛ አስተምረውናል። ሰው የሚጠበቀው በእርሱም ላይ ሊደርስ ከሚችል ነገር ነው።

ዑለሞቻችንም ይህን ለይተው ያውቁ ነበር። በ322 ሂጅሪ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ደህንነት በጻፉት መጽሐፋቸው ሐዘንን ለሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ሰው የሚያውቀው ምክንያት ያለው ነው፤ እንደ ሞትና እንደ ኪሳራ ያለ። ሁለተኛው ሰውየው ምክንያቱን የማያውቀው፣ ከአካል መታወክ የሚነሳ ነው። ለአንደኛው ምክርና ማጽናናት፣ ለሁለተኛው የአካል ሕክምና እንደሚያስፈልገው አመልክተዋል። ከአሥራ አንድ መቶ ዓመት በፊት ያልጠፋ ዕውቀት በእኛ ዘመን ከመስጂዳችን በር እንዴት ይጥፋ?

"ሶብር ታድርግ" ትላለህ። መልካም፤ ሶብር ግን መድኃኒት መተው አይደለም። በሶብራቸው ምሳሌ የሆኑት ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) እንኳ ፈውሳቸው በመጣ ጊዜ እግራቸውን መሬት ላይ እንዲመቱ፣ በፈለቀው ውኃም እንዲታጠቡና እንዲጠጡ ታዘዋል። አላህ ያለ ምንም ሰበብ መፈወስ ይሳነው ነበርን? አይሳነውም፤ ሰበብን መያዝ ሊያስተምረን ነው እንጂ። ገጠሬ ዐረቦች "እንታከም ወይ?" ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁ ጊዜም፣ እርጅና ሲቀር ለእያንዳንዱ በሽታ አላህ መድኃኒት ማድረጉን ነግረው እንዲታከሙ አዘዋቸዋል። ስለዚህ "ዕድሜ ልክ ኪኒን መዋጥ ተወኩልን ያጎድላል" የሚለው ንግግር ከሱና የመጣ አይደለም። ይህን የሚለው ሰው ረሃቡን በየቀኑ በእንጀራ ሲያስታግስ ተወኩሉ ጎደለ አይልም።

"ጂን ይዟት ነው" ለሚለው

እዚህ ላይ "ጂንን ትክዳለህ ወይ?" የሚል ይኖራል። አልክድም። የጂን መኖር በቁርአን የተረጋገጠ ነው። በቁርአንና በተረጋገጠ ዱዓ ሩቅያ ማድረግም ሱና ነው። ነገር ግን ጂን መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ጂን ይዟታል ማለት ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ማስረጃህ የት አለ? ልቧ መደለቁ? እጇ መንቀጥቀጡ? ዓይኗ መፍጠጡ? እየበላች መክሳቷ? እነዚህማ በጥቂት ደም የሚመረመሩ የእጢ ምልክቶች ናቸው። በጭንቅላትህ የፈረድክበትን ነገር ላቦራቶሪው በቁጥር ይነግርሃል።

ሩቅያ ከኪኒን ጋር አይጣላም። ቁርአን የሚቀራባት ሴት መድኃኒቷን ብትወስድ የቁርአኑ በረካ አይቀንስም። የምቃወመው መድኃኒቱን የሚያስጥለውን፣ በሽተኛን የሚደበድበውን፣ ከድሃ ቤት ገንዘብ የሚሰበስበውን ነው።

መድኃኒት የማስጣሉ ነገር እንዴት ሰውን እንደሚያታልል ልንገራችሁ። ለሆርሞን እጥረት የሚሰጠው ሊቮታይሮክሲን የተባለው ኪኒን ከሰውነት ውስጥ ቶሎ አይወጣም። በደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ "ኪኒኑን ተይው" የተባለችው ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አትሆንም። ሩቅያ አድራጊውም "አያችሁ፤ ዳነች" ይላል፤ ቤተሰቡም እልል ይላል። ከሳምንታት በኋላ ድካሙና ሐዘኑ ተመልሶ ሲጥላት ደግሞ "ጂኑ ተመለሰባት" ይባላል፤ ሌላ ክፍያም ይጠየቃል። ከጂኑ በፊት የተመለሰው ግን እጥረቱ ነው! ከወሊድ በኋላ በሚመጣው የእጢ መቆጣትም እንዲሁ ነው። ከብዙዎቹ እናቶች በጊዜ ብዛት በራሱ ስለሚሄድ፣ በዚያ ሰሞን የጎበኛት ሰው ሁሉ "እኔ አዳንኳት" ሊል ይችላል።

ሆርሞኑ የበዛባት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ከማታለል አልፎ ወደ ሞት ያደርሳል። የሚያበርደውን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ከባድ ትኩሳት፣ ልብን የሚያናውጥ ምትና የአእምሮ መሳት የሚያስከትል ድንገተኛ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ሕክምናን ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። "መድኃኒቱን ጣይው" ብሎ የሚያዝ ሰው ነገ በአላህ ፊት በዚህ ይጠየቃል። በዱንያም የፊቅህ ዑለሞች ለእንዲህ ያለው ሰው ካሣ አስቀምጠውለታል።

"ኪኒኑ ይበቃታል" ለሚለው

ይህኛው ተምሯል፤ ሐኪም ቤት ወስዷታል፤ ገንዘብም አውጥቷል። አላህ ይመንዳው። ነገር ግን ኪኒኑን ከገዛ በኋላ ሥራው ያለቀ መሰለው። በሳምንቱ "አሁንም ታለቅሻለሽ?" ብሎ ይቆጣል።

ወንድሜ ሆይ፤ የመድኃኒቱ መጠን ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ቲ.ኤስ.ኤች የተባለው የደም ምርመራ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ሲደገም ነው። መጠኑ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል፤ እንደገና ይጠበቃል። ደሙ ከተስተካከለ በኋላም ልብ ወዲያው አይከተለውም። በወራት የተጎዳ ሰው በወራት ይጠገናል። የደማቸው ቁጥር ደህና ሆኖ ሐዘኑና ጭንቀቱ የሚቆይባቸውም አሉ። ለእነርሱ የአእምሮ ሐኪም ማየት ነውር አይደለም፤ እብደትም አይደለም።

ሌላም ሸክም አለ። ዕድሜ ልክ መድኃኒት እንደምትወስድ የተነገራት ወጣት ልጅ በመጀመሪያ የምታስበው ስለ ደሟ አይደለም። "ማን ያገባኛል?" ነው የምትለው። ስለዚህ ትደብቀዋለች። ያገባችውም ከአማቷ ትደብቃለች። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት መወሰድ ሲኖርበት፣ ሰው እንዳያያት ብላ ከቁርስ ጋር፣ ከቡናው ወይም ከወተቱ ጋር ትውጠዋለች። ቡናና ወተት ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዱታል። በእርግዝና ጊዜ የሚሰጠው የደም ማነስ ኪኒንም እንዲሁ ያግደዋል፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት ያህል መራቅ አለበት። እንግዲህ ሕክምናው አልሠራ ሲል ጥፋቱ የማን ነው? የኪኒኑ ነው? የእርሷ ነው? ወይስ በገዛ ቤቷ ተደብቃ እንድትውጥ ያደረጋት የእኛ ምላስ?

ለጋብቻ የምትጠየቁ ቤተሰቦች፤ እውነቱን ከኒካሕ በፊት ተናገሩ። ጠያቂዎችም እውነት ሲነገራችሁ አትሽሹ። በሚገባ የታከመች ሴት ትወልዳለች፤ ቤቷን ትመራለች፤ ሥራዋን ትሠራለች። ስታረግዝ የመድኃኒቷ መጠን ብዙውን ጊዜ መጨመር ስላለበት ወዲያው ሐኪሟን ማየት ብቻ ይጠበቅባታል።

ቤት ከመፍረሱ በፊት

ስንት ጋብቻ በዚህ ምክንያት እንደፈረሰ አላህ ያውቃል። ሆርሞኑ የበዛባት ሚስት እንቅልፍ አጥታ፣ ተበሳጭታ "ፍታኝ!" ትላለች። ባልም በንዴት ቃሉን ይወረውራል። ሆርሞኑ ያነሰበት ባል ደግሞ ከአልጋ አልነሳ ይላል፤ ሱቁን ይዘጋል፤ ሚስቱን አይቀርብም። እርሷም "ሌላ ሴት ይዟል" ትላለች። ሁለቱም ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ።

እናንተ በእርቅ ላይ የምትቀመጡ ሽማግሌዎችና ሸሆች፤ "ማን ምን አለ?" ከማለታችሁ በፊት እስቲ እነዚህን ጠይቁ። ይህ ጠባይ የቆየ ነው ወይስ በቅርብ የመጣ? እንቅልፏ እንዴት ነው? ክብደቷ ተለውጧል? በዚህ ዓመት ወልዳለች? ልብ ይመታባታል? መልሱ ወደ ሕመም የሚጠቁም ከሆነ ፍርዱን አዘግዩና ወደ ሐኪም ላኳቸው።

በሌላ በኩል ጥፋትን ሁሉ በእጢ ማመካኘትም አይገባም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው "ሆርሞኔ ነው" ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ሸሪዓችን አእምሮው ለሄደበት ሰው ብዕሩን አንስቶለታል፤ አእምሮው ላለው ግን ኃላፊነቱን አላነሳለትም። የታመመ ሰውም የመታከም ግዴታ አለበት። ራሱን እያወቀ መድኃኒቱን ትቶ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ሰው ሐቅ ያጎድላል።

ረመዳን ሲመጣ

በየዓመቱ "ፆም ነው" ብለው መድኃኒታቸውን ለሰላሳ ቀን የሚተዉ አሉ። ይህ ፈጽሞ አያስፈልግም። የሆርሞን እጥረት ያለበት ሰው ኪኒኑን በቀን አንድ ጊዜ ስለሆነ የሚወስደው፣ ማታ ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ጊዜ፣ ወይም ከሱሑር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ሊውጠው ይችላል። ከሐኪሙ ጋር ከረመዳን በፊት መነጋገር ነው የሚበጀው። ሆርሞኑ የበዛበትና ገና ያልረጋ ሰው ግን መድኃኒቱ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊሆን ስለሚችል በራሱ አይወስን። ሐኪሙ "አትፁም" ካለው አላህ ለበሽተኛ የሰጠውን ፈቃድ ይቀበል፤ ሲድን ቀዳውን ያወጣል። የአላህን ስጦታ የሚመልስ ሰው ጀግና አይባልም። እግረ መንገዴን ላስታውስ፤ ይህን የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከያዘው ሳይውል ሳያድር ደሙን ሊመረመር ይገባል። አልፎ አልፎ መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከሉትን የደም ሕዋሳት ሊያሳንስ ይችላልና።

ስለ ጨውም አንድ ቃል

ለብዙው እንቅርት ምክንያቱ የአዮዲን ማነስ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1998 ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ የነበረው ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋና ገበያው አዮዲን ወዳልነበረበት የአፍዴራ ጨው ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሰው ምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከመቶ 89 ቤተሰብ አዮዲን ያለበት ጨው ሲጠቀም ተገኝቷል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። አሞሌና ያልታሸገ ጨው የሚገዛ ቤት ግን ዛሬም አለ። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን ክፉኛ ሲያንሳት የጽንሱ አእምሮ ይጎዳል፤ ያ ጉዳት ከተወለደ በኋላ አይመለስም። ስለዚህ አዮዲን ያለበትን ጨው ግዙ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር። ሆኖም ሆርሞኑ አስቀድሞ የበዛበት ሰው "አዮዲን መድኃኒት ነው" ብሎ በራሱ እንዳያበዛ ይጠንቀቅ።

ማጠቃለያ

ባል የሆንክ፤ ሚስትህን ለምርመራ ስትልካት አብረሃት ሂድ፤ ጠዋት ኪኒኗን ከብርጭቆ ውኃ ጋር አቅርብላት። አማት የሆንሽ፤ የኪኒኑ ብልቃጥ ከጠረጴዛ ላይ በግልጽ ይቀመጥ፤ እንግዳ ቢያየውም አትደንግጪ። ኢማም የሆንክ፤ በኹጥባህ የበሽተኛን ሐቅ ስታነሳ በዓይን የማይታየውንም በሽታ አንሳ። ሩቅያ የምታደርግ፤ ቁርአንህን ቅራ፤ ምንዳህን ከአላህ ጠብቅ፤ "መድኃኒቱን ጣይው" የምትለዋን ቃል ግን ከአፍህ አውጣት።

አንቺም እህቴ፤ ይህ ሕመም ቅጣት አይደለም፤ የኢማንሽም መለኪያ አይደለም። ከአልጋ መነሳት ባቃተሽ ጠዋት የቻልሽውን ያህል ስገጂ፤ ቆመሽ ካልቻልሽ ተቀምጠሽ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንደነገሩን ሙእሚንን እሾህ እንኳ ብትወጋው ከወንጀሉ ይማርበታል። ያንቺ የብዙ ወራት ሐዘን ከእሾህ ይበልጣል። መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፤ ለሐኪምሽ ስለ እንቅልፍሽና ስለ ለቅሶሽም ንገሪው፤ ስለ አንገትሽ ብቻ አይደለም። ዱዓሽንም አትተዪ።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን። ምላሳችንን በታመመ ሰው ላይ ጆሮ ደግፍ ከመሆን ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።